የመጨረሻዋ ገጽ

ሆሳዕና ገበያ ከኮባ ቅጠል የሚፈታ ቆጮ በሸተተኝ ቁጥር አንድ የወንጀል ልብወለድ ትዝ ይለኛል። ልጆች ሆነን ሆመቾ ሳለን፣ አስተማሪዋ አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ታነብልን ነበር። ልባችን እንደተንጠለጠለ መጽሐፉን ትከድነዋለች፤ እሷም ቀድማን አታነብም። እኔ ግን አላስቻለኝም። የመጨረሻዋን ገጽ ቀድጄ ገዳዩን አወቅሁና፣ ገጿን ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኳት።

የመጨረሻው ቅዳሜ፣ አክስቴ እያነበበች የተቀደደችው ገጽ ቦታ ላይ ደረሰች።

«እኔ አልቀደድኩም!» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

በመነጽሯ አናት አየችኝ። «ጎበዝ ደራሲ ጥፋተኛውን አያሳድድም፤ ራሱ እስኪናገር ይጠብቀዋል» ብላ መጽሐፉን ዘጋች። ዳግም አላነሳችውም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች። ቆጮ አቀረበችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ» አለችኝ፣ «ገዳዩ ማን ነበር?»