ከወይራው ሥር ያለው ድንጋይ

የሺመቤት እንጦጦ ገበያ ላይ ጌሾ የምትሸጠው ከእናቷ በወረሰችው ቦታ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እዚያ ቀኑን ሙሉ ጥላ አይጠፋም።

በጥር ፈንጣጣ ገባና ገበያው ተበተነ። አደባባዩ ላይ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ታየ። ጤነኛው ወደ ፍልውሃ ወረደ፤ ቤተ መንግሥቱም ሊወርድ ነው ተባለ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ግን አዋጅ ተነገረ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ ገበያ ይዋል፤ ፈንጣጣ ሁለት ጊዜ አይይዝምና በፊቱ ወይም በክንዱ ጠባሳ ያለው ይግባ፤ የሌለው ከእሾህ አጥሩ ወዲያ ይቁም።

የሺመቤት ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል ነው። ታላቅ እህቷ ከበሽተኛ ቁስል በተወሰደ መግል ተከትባ ስለሞተች እናቷ እሷን አላስከተበቻትም።

ጎረቤቷ ጂቱ ቅቤ ሻጭ ናት፤ በልጅነቷ ፈንጣጣ ወጥቶባት ድናለች። ቦታዋ ፀሐይ ላይ ስለሆነ ቅቤዋ ቀትር ሳይደርስ ይቀልጣል።

«ጌሾሽን እሸጥልሻለሁ፤ ድንጋይሽንም እጠብቅልሻለሁ» አለቻት።

«ቅቤሽስ?»

«አጠገቡ ይቀመጣላ! ቅቤና ጌሾ ምን ያጣላቸዋል?»

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሺመቤት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስታይ፣ ጌሾው ከድንጋዩ ላይ፣ ቅቤው ከጎኑ ነበር። በሁለተኛው ቅቤው ድንጋዩ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ጌሾው ከግንዱ ጀርባ ሆኖ ጫፉ ብቻ ታየ። ያን ዕለት የገበያው ሹም ሲዞር ከወይራው ሥር ቆመ።

«ይህ ቦታ የማነው?»

«የየሺመቤት ነው፣ ጌታዬ።»

«የታለች?»

ጂቱ በአገጯ ወደ አጥሩ ጠቆመች። ሹሙ የየሺመቤትን ፊት አየና ሳቀ። «ማማርስ አምሮብሻል! እስከ ሰኔ ሚካኤል ገብተሽ ካልተቀመጥሽ ግን ቦታው ለተቀመጠበት ሰው ነው።»

ጂቱ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ትሸፍን ነበር፤ ቀና አላለችም።

ሰኞ ማለዳ የሺመቤት የሰፈሩ ከታቢ አያ ኢዶሳ ዘንድ ሄደች።

«አያ፣ ከሚከተቡት ስንቱ ይሞታል?»

«ሳይከተብ ከሚሞተው ያነሰ» አሉ ምላጩን እየጠረጉ።

«ያነሰ ማለት ስንት?»

«ክንድሽን ስጪኝ።»

ስትመለስ ጂቱ ደጃፏ ላይ ቅቤ ይዛ ቆማለች። «ለቁስሉ ነው። እስከ ሚካኤል ይሽር ይሆን?»

የሺመቤት ቅቤውን ተቀበለች። ጥያቄው ከሥጋት ይሁን ከተስፋ፣ ከጂቱ ፊት ማንበብ አልቻለችም።

በስምንተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት። ሦስት ቀን ቃዠች፤ የሞተችውን እህቷን በስም ጠራች። ከዚያ ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

ከሰኔ ሚካኤል በፊት በነበረው ቅዳሜ ክንዷን ለአጥሩ ጠባቂ አሳይታ ገባች። ጂቱ ስታያት ከድንጋዩ ተነሣች። ቅቤዋን ግን አላነሣችም። የሺመቤት ቅቤውን በሁለት እጇ ወደ ጥላው ጠርዝ ገፋ አደረገችና ተቀመጠች።