ብርቱካን የሰጠኝ ሰው

ዛሬም አጠገቤ ብርቱካን ሲላጥ ከጅማ ወደ ሰበታ የተመለስንበት አውቶቡስ ትዝ ይለኛል። አባቴ የመሬት ክርክር ስለነበረበት አክስቴ ገና ስንሳፈር፣ «መንገድ ላይ የአባትሽን ስም ለማንም እንዳትናገሪ» ብላኝ ነበር።

ወሊሶ ላይ እሷ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ፣ ከኋላችን የተቀመጠው ባለካፖርት ሰውዬ ብርቱካን እየላጠ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። ሽታው አሸነፈኝ።

«የኦቦ ገመቹ።»

ቢላዋው ቆመ። ቀሪውን ሳይልጥ ሰጠኝ።

አውቶቡሱ ተጂ ከተማ ሲቆም ይወርዳል ብዬ ነበር፤ አልወረደም። ሰበታ ከእኛ ጋር ወረደና እስክንታጠፍ ድረስ ቆሞ ተመለከተን።

«ምን አልሽው?» አለችኝ አክስቴ፣ እጄን እያሸተተች።

«ምንም።»

በዚያው ሳምንት የጤፍ ክምራችን ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። አክስቴ ዳግመኛ ሳትጠይቀኝ ሞተች፤ ብርቱካን ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ እስክትሞት ድረስ ቤቷ አልገባም።