አማቴን ማረም

ክፍል ውስጥ እኔን የማይፈራ ተማሪ የለም። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ስህተት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም። «ሂ ጎ» ያለ ልጅ «ሂ ጎዝ» ሳይል አይቀመጥም። «ፒፕል ኢዝ» ያለውንም፣ «ሰው በአማርኛ አንድ ቢመስልህ በእነሱ ቤት ብዙ ነው፣ በል ድገመው» እያልኩ አቆመዋለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። የላሊበላ ሆቴሎች እንግዳ ሲያጡ ባለቤቴ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ቀረሁ። አባቱን አባባ እላቸዋለሁ። በእሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ «ተቀመጪ» ካላሉኝም አልቀመጥም። ክፉ ሆነው አይደለም። ከሙጃ ተድሬ ስመጣ እናቴ፣ «አደራሽን፣ ለአማትሽ ቃል እንዳትመልሺ» ብላ ነው የሸኘችኝ። የአገሩም ወግ ይኸው ነው።

አባባ አስጎብኚ ናቸው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ እንግዳ ሲቀበሉ ኖረዋል። እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት አላገኙትም። ልጅ ሳሉ ብልባላ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና፣ ገለጻውንም ከአንድ ቀደምት አስጎብኚ ልክ እንደ ዳዊቱ ቃል በቃል ነው የያዙት። ከ«ዌልካም» እስከ «ታንክ ዩ» ሳያቆሙ ይወርዱታል። ጉዱ የሚመጣው ከመሃል ሲቆረጡ ነው። አንዱ እንግዳ «ይሄ መስኮት ምንድን ነው?» ካላቸው ክሩ ይጠፋባቸውና እንደገና ከ«ዌልካም» ይነሳሉ። ቱሪስቱ ትዕግሥተኛ ነው፤ ፈገግ ብሎ ሁለተኛ ይሰማቸዋል።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጦ ገቡ። የአስጎብኚዎች ፈቃድ ሊታደስ ነው፤ ከላይ የሚመጡ ፈታኞች በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ ያላለፈ ባጁን ያስረክባል። አባባ ባጃቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ከነጠቁኝ፣» አሉ ለባለቤታቸው፣ «እዚያ ደጃፍ ምን ብዬ እቆማለሁ? ለማኝ ነው የምመስለው።»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እኚህ ሰው፣ ተኩስ በተሰማ ጊዜ እንኳ ሰው ሁሉ ሲሮጥ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው የሚገቡ ሰው ናቸው። እሳቸው ሲፈሩ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«መምህርት እቤትህ ቁጭ ብላ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉ እማማ፣ አማቴ። «ምራትህ ታስተምርህ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ ባጁን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። ኋላ ሳያዩኝ፣ «ትችያለሽ?» አሉ።

«እንዳሉ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ገርበብ አድርገን እንቀመጥ ጀመር። እማማ ደጃፉ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ሰው ሲመጣ ለምልክት ሊያስሉ ነው። የተከበረ ሽማግሌ ከምራቱ እግር ሥር ፊደል ቆጠረ ከተባለ ከተማው ወሬውን ዓመት ሙሉ ያኝከዋላ! የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል ሦስታችንም እንደነግጥ ነበር። ሌባ ብንሆን እንኳ እንደዚያ የምንሳቀቅ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ቀን አባባ ገለጻቸውን ጀመሩ። ስህተቱ ተራ በተራ ባጠገቤ ያልፋል፣ እኔ እሰማለሁ። «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ጨረሱና፣ «እንዴት ነው?» አሉ።

«ጥሩ ነው፣ አባባ።»

«ውሸታም!» አሉኝ። «ተማሪ ላይ ስትጮኺ እስከ ገበያው ይሰማል፤ ለእኔ ሲሆን ጥሩ ነው?»

አቀረቀርኩ። እማማ እንዝርታቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ምራት ከሆነች እንዴት ብላ ትናገር? በቃ፣ ፈረንጅ ትሁን። ፈረንጅ እንደሆነ ይሉኝታ የለው!»

ወይ እማማ! የልጃቸውን ባርኔጣ አምጥተው አናቴ ላይ ደፉብኝ። ሳይፈቀድልኝ ወንበር ስቤ በአባባ ትይዩ ተቀመጥኩ። አባባ «ዌልካም» ብለው ተነሱ፣ ከጻድቁ ንጉሥ ከላሊበላ ታሪክ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው «ዘይ» አሉ። እሳቸው እያሉ ማክበራቸው ነው።

«ሀው ሜኒ ኪንግስ?» ብዬ ቆረጥኳቸው፤ ስንት ነገሥታት ነበሩ ማለቴ ነው።

«አንድ ናቸዋ!» አሉ ተቆጥተው።

«እንግዲያው ለአንድ ሰው ‹ዘይ› ሲሉኝ ብዙ ሰው ይመስለኛል። ‹ሂ› ነው የሚባለው።»

«ምን አልሽ? ጻድቁን ‹እሱ› ልበላቸው? እንደ ጎረቤት ጎረምሳ?»

«እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፣ አባባ።»

«አንቱታ የሌለው ቋንቋ ምን ቋንቋ ነው!»

ባርኔጣውን አውልቄ ልነሳ ነበር፤ ሽማግሌን ክብር ማስጣል፣ ያውም በጻድቅ ላይ፣ ኃጢአት የማስተምር ያህል ቀፈፈኝ። አባባ አማተቡ፣ «ይቅር ይበሉኝ» አሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ሂ» አሉ። ከዚያ ወዲህ «ሂ» ባሉ ቁጥር አንገታቸውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙውን አቀናን። እየፈራሁ የመጣሁት ሌላ ነገር ነው። ስቆርጣቸው አሁንም ከ«ዌልካም» ይጀምራሉ፤ ይባስ ብሎ ድሮ ሳያቆም የሚወርደው ገለጻ ይንጠባጠብ ጀመር። አንዲት ቃል ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍቱና ስህተቷን ፈርተው ይዘጉታል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ሊያልፉበት የሚችሉትን የተሳሳተ እንግሊዝኛ ወስጄ፣ የማይናገሩትን ትክክል ሰጠኋቸው እንዴ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ መጮህ ተውኩ፤ ተማሪዎቼ ታመመች አሉ።

የፈተናው ቀን አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ጃንጥላ ረስተዋል የሚል ሰበብ ይዤ ተከተልኳቸው። ዝናብ የለም ነገር፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል! የፈተናው አዳራሽ ደጃፍ አስጎብኚዎች ተኮልኩለዋል፤ ብዙዎቹ አባባን ጋሼ እያሉ ያደጉ ናቸው። በሩ አልተዘጋም፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እመቤቴን እጠራለሁ።

«ዌልካም» አሉ አባባ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ጻድቁን «ሂ» ብለው አለፉ። ያኔ አንዱ ፈታኝ አቋረጣቸውና ስለ አንድ ዓምድ ጠየቀ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባባ ዝም አሉ። ወደ «ዌልካም»ም አልተመለሱ፤ ጭራሽ ዝም። ከውጭ ያሉት አስጎብኚዎችም ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ፣ «አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፣ አይ ጋሼ!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ገብቼ መልሱን ልናገርላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባጁን ከአንገታቸው ሲያወልቁ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

ፈታኙ ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ዓምዱን ተወውና ድምፁን አለስልሶ፣ እንግሊዝኛ ማን እንዳስተማራቸው በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። እኔ ይህን ስሰማ ከበፊቱ ይልቅ ደነገጥኩ። ሥራዬ ላይ ለመድኩት ቢሉ እውነት ነው፣ ማንም አያፍርባቸውም። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ያ ሁሉ ጆሮ ተቀስሯል።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማይ ዶተር» አሉ። ከዚያም ጮክ አድርገው፣ «ሺ ቲች ሚ። ኢን ማይ ሃውስ።»

ልጄ አስተማረችኝ፣ እቤቴ ማለታቸው ነው። አባባ ሴት ልጅ እንደሌላቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ደጃፍ ያሉት በሙሉ ዞረው አዩኝ። «ወይ ጉድ!» አለ አንዱ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ፤ ያለቀስኩት እዚያው ቆሜ ነው። አባባ ውስጥ ይናገራሉ። ሳይጠየቁ ወደ ዓምዱ ተመለሱና ከዚያው ከመሃል ቀጠሉ። ይሳሳታሉ፣ ያቃናሉ፣ ያቃታቸውን በእጃቸው ያሳያሉ፤ ብቻ አያቆሙም። ፈታኞቹ ሲስቁ ሰማሁ፤ ደግነቱ የፌዝ ሳቅ አይደለም።

ሲወጡ ባጁ አንገታቸው ላይ ነው። አስጎብኚዎቹ «እንኳን ደስ አለዎ!» እያሉ ከበቧቸው፤ አንድ ቀልደኛም፣ «ጋሼ፣ እቺን መምህርት ለእኛም ያውሱን እንጂ» አለ። አባባ፣ «ከቻላችኋት ውሰዷት፣ ቁጡ ናት» አሉና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ጃንጥላውን ይዤ አንድ እርምጃ ከኋላቸው ሄድኩ። ዳገቱን ስንጨርስ ቆሙ።

«ሰምተሻል አይደል ያልኩትን?»

«ሰምቻለሁ፣ አባባ።»

«ስህተት ነበረበት?»

የለበትም ብል ማን ያየኛል? ግን እውነቱን ነበር የጠየቁኝ።

«አንድ አለበት» አልኩ። «ያለፈ ነገር ስለሆነ ‹ቲች› አይባልም። ‹ቶት› ነው።»

«ቶት» አሉ ቀስ ብለው። ዞረው አዩኝ። «የቀረውስ?»

«የቀረው ትክክል ነው» አልኳቸው።