ሸረሪት ሸንታ ነው ያልኩ ዕለት

እኛ አገር ሸረሪት አትነክስም፤ ትሸናለች። ቆዳው ውሃ የቋጠረ ሰው ሁሉ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ይባልና ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ ይቀባል፤ በቃ። እኔም ከዚህ ሌላ አላውቅም ነበር።

ላሊበላ ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። አምና ለግቢው አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገዛን። ከወደብ ተጭነው፣ በጋሸና ዞረው፣ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ ነው የደረሱን። አንድ ጠዋት በዕድሜ የገፉ አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ቁርሳቸውን ትተው ወንበራቸውን ገለበጡና ጠሩኝ። ከመቀመጫው ስር የተዘበራረቀ ድር፣ በድሩ ላይ ዙሪያቸውን እሾህ ያወጡ ነጫጭ የእንቁላል እንክብሎች፣ አጠገባቸው ደግሞ ሆዷ ስር ቀይ ምልክት ያላት ሸረሪት ነበረች። መርዘኛ መሆኗን፣ በዕቃ ተደብቃ ከአገር አገር እንደምትዞር፣ እርሳቸው አገርም የገባችው በቅርቡ መሆኑን ነገሩኝ። ፎቶ አንስተው ስልኬ ላይ ላኩልኝ፤ የቀሩትንም ወንበሮች ገልብጬ እንዳይ ለመኑኝ። የእኔ ምላስ ግን መች ያርፋል።

«ሸረሪት ትሸናለች እንጂ መቼ ትነክሳለች?» ብዬ ሳቅሁ። ያቺን አንዷን በጫማዬ ጨፈለቅኋት። የቀሩትን ወንበሮች ዞር ብዬም አላየሁ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ የሰባት ወር እርጉዝ የሆነችው እህቴ ሽንብራ ልትለቅም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጭኔን የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ አለች። ሸረሪት ሸንታብሽ ነው አልኳትና ነጭ ሽንኩርት ቀባኋት። ሰዓት ሳይሞላ ሆዷ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ቀሚሷ በላብ ራሰ። ምጥ መሰለኝ። በሰባት ወር! ወደ ሆስፒታል በሚወስደን ባጃጅ ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «እታለም፣ ልጄን አደራ» ትለኛለች። እኔ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ።

ሐኪሙ መርምሮ ምጥ አይደለም አለ። ምን እንደነካት ሲጠይቀኝ፣ ሸረሪት ሸንታባት ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ አልደበቀኝም፤ ብቻ ማስታገሻ ሰጥቷት እስከ ማግስቱ ከአጠገባችን አልራቀም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የፅንሱ የልብ ምት በመሣሪያው ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቃት፤ ልጁም በሆዷ ውስጥ ይገላበጥ ጀመር።

ቤት እንደገባን ወንበሮቹን አንድ በአንድ ልገለብጥ ወጣሁ። ግቢው ባዶ ነው። ለካ እኛ ሆስፒታል ሳለን ጎረቤታችን ለባለቤታቸው ተዝካር ወስደዋቸዋል፤ ሁልጊዜም የምንዋዋሰው ነው፣ ማን ይከለክላቸዋል። ነጠላዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ሮጥኩ። ዳሱ ሞልቷል። ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች በእኛ ወንበሮች ላይ ተደላድለው ይበላሉ። ተነሱ፣ ከስሩ መርዘኛ ሸረሪት አለች፣ እህቴን የነከሰቻት እሷ ናት እያልኩ ለፈለፍኩ። ሰፈሩ የሰማው ግን ያለጊዜዋ ምጥ መጣባት ተብሎ ነበር፤ አንድም የተነሳ የለም። ጎረቤታችን በሐዘናቸው መሃል ፈገግ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«አይ ልጄ፣ ሸረሪት ትሸናለች እንጂ መቼ ትነክሳለች?»