ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሳህን

ኛጋይ ቅልጥም ስትገዛ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ባለሥጋ ቤቱ ከደጋው ከመቱ የወረደ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት እሷን ከሩቅ ሲያያት ቢላዋውን ያስቀምጥና «ዳኛዋ መጣች!» ይላል። እሷም አታሳፍረውም። አንዱን አጥንት አንስታ ታሸታለች፣ ሌላውን ገልብጣ ታያለች፣ «ይሄ በሬ ነው ወይስ የበሬ አያት?» ትለዋለች። በመጨረሻ ሁለት ወፍራም ቅልጥም ከነሥጋው አስቆርጣ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትሄዳለች።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ሳምንቱን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ትወለውላለች፤ እሁድን ነጻ ለማድረግ ስትል የባልደረቦቿን የበዓል ተራ ሁሉ ትሸፍናለች። ገናን ሠርታለች፣ ፋሲካን ሠርታለች። እሁድ ግን አይነካባትም፤ እሁድ አማቿ ጋትኬክ ይመጣል።

ይህን አማቿን ሲበላ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። በእነኛጋይ ብሔረሰብ ወግ ወንድ ልጅ በሚስቱ እናት ፊት አይበላም፤ እሷም በእሱ ፊት አትበላም። የመናናቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ክብር ነው። ልጇ ኛይየን ጋትኬክን ያገባች ጊዜ የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ «ይሄ እንኳ አሁን ቀርቷል፣ አብራችሁ ብሉ» ብሏቸው ነበር። ኛጋይ «አንተ ከአማትህ ጋር ብላ፣ እኛን ተወን» አለችውና በሳሎኑና በጓዳው መካከል ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀለች። ከመጋረጃው ወዲያ ጋትኬክና ወንድ ልጇ ጀምስ ይበላሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

ሳህንም ታነባለች። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ሳይበላ ተመለሰ፤ በርበሬውን ቀነሰች። ነጭ ሽንኩርቱ ወደ ዳር ተገፍቶ አገኘችው፤ ቀጥቅጣ በመረቁ ውስጥ አጠፋችው። ቅልጥሙ ሁልጊዜ ባዶውን ስለሚመጣ ትልልቁን ማስመረጥ ጀመረች። ኛይየን በሕይወት ሳለች ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሳህኑን ይዛ ትገባና በሹክሹክታ «ዛሬ ጣቱን ሊበላ ነበር እኮ» ትላለች፣ እናትና ልጅ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት ኛይየን ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ከነሕፃኑ ሞተች። ኛጋይ ያን ጊዜ አማቿንም የቀበረች መስሏት ነበር። ሚስቱ የለችም፣ ምን ያመጣዋል? ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው እሁድ ግን ጋትኬክ የሦስት ዓመት ልጁን ኛሙትን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ገብቶ የዱሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ኛጋይ ተጣድፋ ያገኘችውን ሠራችለትና መጋረጃውን ዘጋች። ከዚያ ቅልጥሙን በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲያደርገው ሰማች። መቅኒውን የሚያወጣው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ልጇ ሞታለች፤ ነገር ግን አሁንም የሰው ሚስት ናት። ይህ ሰው ሲያኝክ አፉን ከእሷ እስከደበቀ ድረስ ኛይየን ከዚህ ቤት ጨርሳ አልወጣችም። እንዲህ ነበር የምታስበው፤ ለማንም ግን አልተናገረችውም።

የዛሬው እሁድ የተለየ ነው፤ ዛሬ ልመና አለባት። ኛሙት ስድስት ዓመቷ ነው፣ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ኛጋይ ልጅቷ እሷ ዘንድ ሆና እንድትማር ትፈልጋለች። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አምስት ደቂቃ አይሞላም። የጥሎሹ ከብት ድሮ ተሰጥቷል፣ ልጅቷ የአባቷ ናት፤ ሽማግሌ ብትሰበስብም የሚፈርድላት የለም። ያላት ተስፋ አንድ ነው፤ አማች የሚስቱን እናት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ለጀምስ «ሆዱ ሲሞላ ጠይቅልኝ፣ ከዚያ በፊት እንዳትተነፍስ» ብላ አስጠንቅቃዋለች። ቀሪው የድስቱ ሥራ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ከሰል አቀጣጠለች። ወጣት ሳለች መቱ ውስጥ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ሽንኩርት ያለ ዘይት እያማሰሉ እስኪቀላ መታገስን የተማረችው እዚያ ነው። ሽንኩርቱ ሲበቃው ዘይት ጠብ አደረገች፣ ቲማቲምና ትንሽ በርበሬ ጨመረች፣ ሥጋውን ከነአጥንቱ አስገብታ ፊቱ እስኪለወጥ አገላበጠችው። ውሃ ያደረገችው ሥጋውን ሳይሸፍነው ነው። ክዳኑን ገጥማ ድንጋይ ጫነችበት፣ ፍሙን አመድ አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስብከቱ ምን እንደነበር አትጠይቋት፤ ልቧ ድስቱ ጋ ነበር። ስትመለስ ሥጋው ገና በጭልፋ ሲነካ ከአጥንቱ ይለቅ ነበር። ከማሽላ ዱቄት እንደ ጠጠር ተጠቅልሎ የሚበስለውን ኮፕ አጠገቡ አዘጋጀች።

ጋትኬክ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አስተማሪ ነው፣ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ኛሙትን መጋረጃው አይከለክላትም፤ ሮጣ ጓዳ ገባችና «አያቴ፣ አባቴ አዲስ ጫማ ገዛልኝ» ብላ እግሯን አሳየች። ኛጋይ ጫማውን አደነቀች። ጀምስ ሁለቱን ሳህን ይዞ ወጣ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ኛጋይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ጣለች።

ማንም አልበላም። ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊው መጋረጃ ተገለጠ። ጋትኬክ ሳህኑን ይዞ ቆሟል።

«እማማ» አላት። ከዚህ በፊት የኛይየን እናት እንጂ እማማ ብሏት አያውቅም። «ይምጡ፣ አብረን እንብላ።»

ኛጋይ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «ምን ሆነሃል? ዝጋው እንጂ!»

«ማታር ወዳለ ትምህርት ቤት ልዛወር ነው፤ ረቡዕ እንሄዳለን። እናቴ እዚያ ናት፣ ኛሙትን ታሳድግልኛለች። እኔም…» ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ። «ላገባ ነው። ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው። ከእንግዲህ አማችዎ አይደለሁም። ግን ጥዬዎት መሄድ አልቻልኩም፤ ልጅዎ ልሁን። ልጅ ደግሞ ከእናቱ ጋር ይበላል።»

ሲያስብበት የከረመ ነገር ነው፤ ከድምፁ ያስታውቃል። ያለውን ትልቁን አክብሮት አምጥቶላት ነው የቆመው። ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ሰድባ ታስወጣው ነበር። ደግ ሰው ግን በምን ይባረራል? ተነስታ ወጣች፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

በላ። በግራ ጉንጩ እንደሚያኝክ ዛሬ አየች። መረቁ ሲጣፍጠው ዓይኑን እንደሚጨፍን አየች። ቅልጥሙን አነሳና ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገው። መቅኒውን መጥጦ ጣቱን ላሰ፣ ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልነግርዎ የምፈልገው ይሄን ነበር። እንደዚህ የሚጣፍጥ ሥጋ የትም በልቼ አላውቅም።»

ዘጠኝ ዓመት ልትሰማው ስትጓጓ የኖረችው ቃል ነበር። አሁን ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆና ምንም ባልሰማች ብላ ተመኘች። የቆረሰችውን ሥጋ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች። ጀምስ «ልጠይቀው?» በሚል ዓይን አያት፤ «ተው» በሚል ራሷን ነቀነቀችበት። አማች ቢሆን አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይል ነበር። ልጅ ግን እናቱን ዓይን ዓይኗን እያየ «አይሆንም» ይላታል።

የተረፈውን ሥጋ ለመንገድ በቆርቆሮ ዕቃ ቋጠረችላቸው። ኛሙት በባጃጁ መስኮት ብቅ ብላ «አያቴ፣ እሁድ ትልቁን ቅልጥም ለኔ!» አለች። ኛጋይ «ላንቺ» አለቻት። ጋትኬክ አላረማትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለሥጋ ቤቱ «ዳኛዋ!» ሲላት ኛጋይ አላሸተተችም፣ አልገለበጠችም፤ የሰጣትን ይዛ ሄደች። እሁድ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርቱን አማሰለች፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነች። ጀምስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሁለት ሳህን ወጥቶ ጠበቀው፣ መጋረጃውም ተዘግቷል።

«እማዬ፣ ማንም የለም እኮ። ነይ እንብላ።»

«አንተ ብላ» አለችው ከበስተጀርባ። «እኔ እዚሁ ልቀመጥ።»

ጀምስ ሁለቱንም ሳህን ይዞ ተቀመጠ፣ ማንኪያው ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ከዚያ ቅልጥሙን አንስቶ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገው።

«ተው፣ ጀምስ» አለች ኛጋይ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ተወው ልጄ። አንተ መቅኒ አትወድም።»