«ልጄ» እያልኩ የከረምኩበት በጋ

በዚያ የረሃብ ዘመን ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ነበርኩ። መተማ ስላደግሁ ዓረብኛ አላስቸገረኝም። የቀጠሩኝ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ከካርቱም የመጣች ሐኪም፣ ሌላዋ ዓረብኛ የተማረች ፈረንጅ ተመራማሪ። አብረው የሚያጠኑት አንድ ነገር ነው፤ ሕክምናው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ከመጠለያው ዳር ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን የሚያመጡት ለምን እጅግ ዘግይተው ነው?

ፀሐዩ ሜዳውን ሁሉ ውሃ ያስመስለዋል። ከድንኳን ድንኳን ስንዞር የምንራመድ ሳይሆን የምንንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። እናቶቹ የሚሉትን ሳልለውጥ በዓረብኛ እደግማለሁ፤ «ልጄን ተቅማጥ ያዘብኝ»፣ «ልጄ መንገድ ላይ ቀረ»። ያኔ ገና አልወለድኩም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቀትር ላይ ጋደም ስል የማላውቃቸው ሕፃናት በእንቅልፌ እየመጡ ቀሚሴን ይይዙኝ ጀመር። በሕልሜ ሁሉንም በስማቸው እጠራቸው ነበር።

አንድ ቀን፣ ሴት ልጇን ያቀፈች የደምቢያ ሴት ጠየቀችኝ።

«እቴ፣ ይኸን ሁሉ ጠይቃችሁ ምን ልታደርጉት ነው?»

ተረጎምኩላቸው። «ጽፈን ለሚወስኑት ሰዎች እንልካለን» አለች ፈረንጇ።

«እኛስ አንሰማውም? ሐኪም ቤቱ የሚከፈተው ውሃ በሚታደልበት ሰዓት ነው። መንገዱም ሩቅ። ወረፋዬን ትቼ ብሄድ የቀሩት ምን ይጠጣሉ?»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያም በጥናቱ ያገኙትን ለእናቶቹ በቃል ለመንገር ተስማሙ። በሣር ዳስ ሥር ሰብስበናቸው ረጅም ክርክር ሆነ፤ ከሌሎቹም ድንኳኖች የተሰማው ያው የውሃው ሰዓት ነበር። ፈረንጇ ጥናቱ እስኪያልቅ ምንም እንዳይለወጥ ፈለገች። ሐኪሟ ግን፣ «ልጆቹ አይጠብቁንም» አለቻት። ፈረንጇም በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እየሠራን እናጥና» አለች።

ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሁለተኛ የሕክምና ድንኳን እዚያው ዳር ላይ ተተከለ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ጊዜው አልፎ ነበር።

በተከፈተበት ቀን ቀይ የአቧራ ማዕበል መጣ። ከወረፋው የሸሸ አልነበረም። ሐኪሟ፣ ፈረንጇ፣ እናቶቹ፣ እኔም፣ ሁላችን የድንኳኑን ገመድ ይዘን ቆምን። አቧራው አልብሶን ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ከውስጥ የደምቢያዋ ሴት ድምፅ ይሰማኛል፤

«ጠጪ፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ድገሚ።»