ሰባተኛዋ ጄት

ባለቤቴ ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ጄት ይሠራል። ያውም ተራ ጄት እንዳይመስላችሁ፤ እነዚያን ጭስ እየለቀቁ ሰማይ ላይ አብረው የሚገለባበጡትን የአየር ኃይል የትርኢት ጄቶች ነው፣ መዳፍ በምታክል መጠን። ቀለማቸው ሮዝ ነው። ለድድ ተብሎ ከሚመጣው ፕላስቲክ የተረፈው ነዋ! የአየር ኃይሉ አዛዥ ቢያያቸው ያለቅስ ነበር።

የአብራሪው መስታወት ደግሞ ጥርስ ነው። እውነቴን ነው፤ የፊት ጥርስ አጋድማችሁ ብታዩት ቁርጥ የጄት መስታወት። ችግሩ፣ የፊት ጥርስ ስድስት ስድስት ሆኖ ታሽጎ ይመጣል፤ የእሱ ቡድን ግን ሰባት ጄት አለው። ለአንዲት ጥርስ ብሎ ሌላ እሽግ ለመክፈት አልጨከነም።

በዚሁ ሰሞን እናቴ፣ ከሰው ሠራሽ ጥርሷ አንዷ ጫፏ ተሸርፎ፣ እንዲቀይርላት ወሰደችለት። ቀየረላት።

"አሮጌዋስ?" አለችው።

"ጠፋችብኝ፣ እማማ" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"የእኔ ጥርስ? እሷ ሳትገኝ ቤትህን ብረግጥ እኔ አይደለሁም!"

ሁለት ወር ሙሉ ድርሽ አላለችም። እናቴ ናፈቀችኝ። ባሌ ደግሞ ስሟ በተነሳ ቁጥር ሳል ይይዘዋል።

የሞዴል ሠሪዎች የውድድር ኤግዚቢሽን ሲደርስ ያስታርቃቸዋል ብዬ እማዬን እየጎተትኩ ወሰድኳት። ሰባቱ ጄቶች በሽቦ ተንጠልጥለው፣ ከኋላቸው የጥጥ ጭስ ተለቆ፣ በጣም ያምራሉ። እማዬ መነጽሯን አደረገች። አንድ በአንድ እያየች ሄዳ መጨረሻዋ ላይ ቆመች። የዚያች መስታወት ከሌሎቹ ይልቅ ቢጫ ብላለች፤ ጫፏም ተሸርፏል።

"ይቺማ እኔ ነኝ!"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ባሌ ክው አለ።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አንድ ጎድሎኝ ነው።"

በቃ፣ ዛሬ ለዘላለም ተቆራረጡ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እማዬ ግን ወደ ፊተኛዋ ጄት ጠቆመች።

"ያቺ ማናት?"

"መሪዋ ናት።"

"ታዲያ እኔን ጭራ ላይ የወሸቅከኝ ምን አጥፍቼ ነው?"

ዳኞቹ እያዩት ባሌ ወንበር ላይ ወጣና ሁለቱን ጄቶች ሊያቀያይር በፒንሳ ሽቦ ይፈታ ጀመር። እማዬ ከታች ሆና "ትንሽ ወደ ግራ፣ ልጄ" ትለዋለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን "ልጄ" ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደው። እኛ ወደ ቤት ተመለስን፤ በበሩም ቀድማን የገባችው እማዬ ናት።